የእናቴን ስም በጨው ውኃ አሟሟሁት

የእናታችሁን ስም በአሥራ ሁለት ቮልት ፍቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አውቃለሁ።

አሁን ይህን የምጽፈው ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ነው። አጠገቤ አንድ ጆንያ ድንች ተቀምጧል። ረዳቱ ጆንያውን «ቀስ በሉ፣ እንዳይጨፈለቅ» አለ። ስለ እኔ ምንም አላለም። ትክክል ነው!

ይህን ፔጅ የምትከተሉት ለባትሪ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬም የባትሪ ምክር አለ። ግን መጨረሻው ተዝካር ነው።

ኮሜንት ላይ «አይዞህ» የሚለኝን ሰው ብሎክ አደርጋለሁ። ተናግሬያለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ ማሩ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የማኪና ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ መንገደኛ አስቁሜ፣ አስነብቤ ነበር የምውጠው። አሁን ሃምሳ ሞልቶኛል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ከሚያህሉ ጎረምሶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ኬሚስትሪ እማራለሁ።

ሳቁ። እጠብቃችኋለሁ።

ጨረሳችሁ?

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመት ሊሞላ ስለሆነ፣ ተዝካሯን ለመነጋገር ከድብ ባሕር ራቅ ብሎ ወዳለው መንደራችን ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ቄስ፣ ደብተር አወጡ። እስክሪብቶ ሞክረው፣ እምቢ ሲላቸው አራግፈው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስመ ክርስትናዋ?»

«ዘርፌ።»

«እሱማ የዓለም ስሟ ነው። በጸሎት የምትጠራበትን ነው የጠየቅሁህ።»

አላውቀውም።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

ልብ በሉ፣ ሃምሳ ዓመቴ ነው። እናቴን «እማ» እያልኩ አደግሁ፣ «እማ» እያልኩ ቀበርኳት። ቀበርኳት ማለትም አልችልም። የሞተች ዕለት ስልክ ሲደወል የሰው ማኪና ሥር ተንጋልዬ ነበር፤ ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። አርባዋ ላይ ካህናቱ ስሟን ደጋግመው ጠርተዋል። እኔስ የት ነበርኩ? ድንኳን ውስጥ ጠላ እቀዳ ነበር። ጠላው እንዳያንስ ስጨነቅ ስሟ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ሄደ።

ክርስትና ያነሷት ካህን ሞተዋል። የንስሐ አባቷም ሞተዋል። አርባዋ ላይ የጠሯት ካህናትም ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ወደ ሌላ ደብር ተዛውረው ስሟን ረስተውታል። የክርስትና እናቷ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። መዝገብ አትበሉኝ! የእኛ መንደር መዝገብ የሽማግሌ ጭንቅላት ነው፤ ጭንቅላቶቹ ሁሉ አፈር ገብተዋል።

ቄሰ ገበዙ ወጣት ናቸው። ወደ ደብራችን ከመጡ ገና ሁለት ክረምት ነው። «ስሟን ሳንጠራ እንዴት አድርገን እናስባታለን፣ አያ ማሩ?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት እመልስላቸው ነበር።

ያኔ አክስቴ ጥሩ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ከበሩ ሥር ሆና «መስቀሉ ላይ የለም እንዴ?» አለች።

መስቀሉ!

እኔ ሕፃን ሆኜ ታምሜ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥብኝ፣ እናቴ «ልጄን ካተረፍክልኝ» ብላ ተስላለች። ተረፍኩ። (አሁን ስታስቡት፣ አይቆጭም?) እሷም ስለቷን አደረሰች፤ የመዳብ መስቀል አሠርታ ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባች። እግሩ ላይ ስሟን አስቀረጸችበት። መስቀሉ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ግን ጣሪያው ሲያፈስ ስንት ክረምት ውኃ ወርዶበት፣ አረንጓዴ ዝገት እንደ ዛፍ ቅርፊት ለብሷል። ከሥሩ ጽሑፍ መኖሩ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። አይነበብም።

ማንበብ ባልችል ኖሮ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አነብባለሁ። የባትሪ ሌብል አነብባለሁ። የሳሙና ካርቶን አነብባለሁ። እዚህ ፌስቡክ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሲሰዳደቡ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነብባለሁ። እናቴ በእኔ ምክንያት ያስቀረጸችውን ሁለት መስመር ግን፣ ዝገቱ ሳይደፍነው ሄጄ አላነበብኩም።

«በሎሚና በአመድ ሸጋ አድርገን እናሸዋለን» አሉ አንዲት ደጀ ሰላም የሚያገለግሉ አሮጊት መነኩሲት። «ድሮም እንዲያ ነው የምናጸዳው።»

ሎሚና አመድ!

«እማሆይ» አልኳቸው፤ «እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ።»

እንዲህ ነው ያልኳቸው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቀጠልኩ ደግሞ። «ይሄ ሪዶክስ የሚባል ሳይንስ ነው። ዝገቱን መልሶ መዳብ ያደርገዋል። አመድ የድንቁርና ዘመን ነው።»

እማሆይ «እህ» አሉ። 

ቄሰ ገበዙ ሲያመነቱ ቆዩ። በመጨረሻ መስቀሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ «የባለ ስለቷ ልጅ ስለሆንክ ነው፤ አደራ» ብለው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጎንደር እስክገባ ጉልበቴ ላይ ታቅፌው ነበር።

እስካሁን እንደ ጅል እንጂ እንደ ወንጀለኛ አልመሰልኩም አይደል? ቆዩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ መምህራችን ሰላም ስለ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ማስተማር ጀመረች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሳለች፤ አንዱ ውስጥ ዚንክ፣ አንዱ ውስጥ መዳብ።

«ዚንኩ ኤሌክትሮን ይሰጣል። መስጠት ኦክሲዴሽን ነው። የመዳቡ አዮን ይቀበላል። መቀበል ሪዳክሽን ነው። ኦክሲዴሽን የሚካሄድበት አኖድ ይባላል፣ ሪዳክሽን የሚካሄድበት ካቶድ። በዚህ ሴል አኖዱ ማይነስ፣ ካቶዱ ፕላስ ነው።»

ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ልቤ ይመታ ነበር። ገባኛ! ዝገት ማለት ኤሌክትሮኑን የተቀማ መዳብ ነው። ኤሌክትሮኑን ከመለስኩለት መዳብ ይሆናል። ስለዚህ መስቀሉ ካቶድ መሆን አለበት። ካቶድ ደግሞ ፕላስ ነው። አለቀ!

ለማረጋገጥ ያህል እጄን አወጣሁ። «ቻርጀር ላይም ካቶዱ ፕላስ ነው አይደል?»

«አይ ጋሼ ማሩ፣ ቻርጀር ሌላ ነው» አለች። «እዚያ ይገለበጣል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደርስበታለን።»

ይገለበጣል?

«ፕላስ ፕላስ ነው!» አልኳት። «ሃያ ዓመት በዚህ እጄ ይዤዋለሁ። ተገልብጦ አላየሁትም።»

«ፕላሱማ አይገለበጥም፤ እዚያ ላይ የሚካሄደው ነገር ነው…» ብላ ሳትጨርስ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «አያ ባትሪ፣ ቻርጅ ጨረሱ!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሷም ሳቀች። ብዙ አይደለም፤ ጠመኔ ባለበት እጇ አፏን ሸፍና ነው። አገጯ ላይ ነጭ ቀረባት። እኔ ግን አየሁ። ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ።

በእኔ ላይ ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው አይደለም። ቀበሌ ውስጥ ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ስነክር የሳቁብኝ አሉ። ለምዶታል ትሉ ይሆናል። አይለመድም። ደግሞ ፊደል ሳላውቅ ሲስቁብኝ ምክንያት ነበራቸው፤ አውቄም ሲስቁብኝ የት ልግባ?

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም። «እሷ መጥታ ከእኔ ትማር!» አልኩ። ለማን? ለግድግዳው።

እናም እሷ ሰሌዳው ላይ ቻርጀር እየሳለች ለጎረምሶቹ በምታስረዳበት በዚያው ሰዓት፣ እኔ ሱቄ በር ላይ ባልዲ ውኃ አስቀመጥኩ።

የወጥ ጨው በተንኩበት። ባልዲው አፍ ላይ እንጨት አጋድሜ፣ መስቀሉን በገመድ አንጠለጠልኩት። ጽሑፉ ያለው እግሩ ላይ ስለሆነ እግሩን ብቻ ነከርኩ። ከየት እንደሚጀምር ግን አይታይም፤ በጣቴ ዳስሼ ገመትኩ። ፊት ለፊቱ አንድ ቁራጭ ብረት አቆምኩ። የቻርጀሬን ጥቁር መቆንጠጫ፣ ማይነሱን፣ ብረቱ ላይ አደረግሁ።

ቀዩን፣ ፕላሱን፣ መስቀሉ ላይ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። እጄ እምቢ ብሎ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ባትሪ ላይ ቶሎ ሲበላ የማየው የቀዩ ወገን ነው። እጄ ይህን ያውቃል። ቀዩን ይዞ መስቀሉ ጋ ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። እኔ ግን በሆዴ «አንተ መሃይም፣ ዝም በል፤ ደብተር ላይ ተጽፏል!» አልኩት።

ማብሪያውን ተጫንኩ።

አረፋ መጣ! ከቁራጭ ብረቱ ላይ። ከመስቀሉ አንድም አረፋ የለም። የሚገባው ሰው ቢሆን እዚያው ያቆም ነበር። እኔ አጨበጨብኩ።

ውኃው መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ ብጫ ጭቃ ከታች መተኛት ጀመረ። «ዝገቱ ለቀቀ!» አልኩ። ጎረቤቴ ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ መጣ።

«ምንድን ነው የምትቀቅለው፣ አያ ማሩ?»

«ሳይንስ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ጨው በዝቶበታል» ብሎኝ ሄደ።

ፎቶም አነሳሁ። ታስታውሳላችሁ? እዚሁ ፔጅ ላይ «ሪዶክስ በተግባር» ብዬ የለጠፍኩት። ስንታችሁ ላይክ አደረጋችሁት! እሳት ያደረጋችሁበትም አላችሁ። ቀዩ ገመድ የት እንደታሰረ ፎቶው ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ከእናንተ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «አያ፣ ይሄ ነገር አልተገለበጠም?» አላለኝም። ስለዚህ አሁን ከላይ ሆናችሁ አትዩኝ፤ አብረን ነው የፋቅነው።

ምሳ በላሁ። ከምሳ ስመለስ አንድ የጭነት ማኪና አልነሳ ብሎ መንገድ ዘግቷል። እሱን ሳስነሳ፣ ሾፌሩ ሲመርቀኝ፣ እኔም ምርቃቱን ቆሜ ስቀበል ሦስት ሰዓት ያህል ሄደ።

ተመልሼ መስቀሉን ከባልዲው ሳወጣው ቀለለኝ።

ቀለለኝ!

ውኃ ውስጥ የነበረው እግሩ ሳስቷል። ጠርዙ እንደ ተቀደደ ወረቀት ሆኗል። ፊቱ እንደ ፈንጣጣ በሽተኛ ጎድጉዷል። በጣቴ ዳሰስኩት። በዝገቱ ሥር ይሰማኝ የነበረው ቅርጽ የለም። ገልብጬ ዳሰስኩ። የለም። ልሙጥ ነው። ከመዳብ የተሠራ ዝምታ ነው።

ከውኃው በላይ የቀረ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ዝገት ነበር። ከጎረቤት ሱቅ አንድ ሎሚ አመጣሁ። ከምድጃዬ አመድ ዛቅሁ። አሸሁት። አዎ! የድንቁርናውን ዘመን አሸሁት።

በአንድ ዘፈን ጊዜ ውስጥ ጸዳ። ቀይ፣ የሚያምር መዳብ ወጣ። ፊደሎቹ ቁልጭ ብለው ታዩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አንብቤ አላውቅም፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

«ዝንቱ መስቀል ዘወሀበት ወለተ»

ይህን መስቀል የሰጠችው ወለተ።

ወለተ ማን? ቀጣዩ መስመር ውኃው ውስጥ ነበር።

የክርስትና ስም የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳችሁ። ሴት ክርስትና ስትነሳ ስሟ በአብዛኛው የሚጀምረው በወለተ ነው፤ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሥላሴ። አገሩ በሙሉ ወለተ ነው! እኔ ያተረፍኩት ሁሉም ሴት ያላትን ነው። የእሷ ብቻ የሆነውን ነው ያሟሟሁት።

ባልዲው ሁለት ጣት ቢጎድል ኖሮ አላችሁ? እኔም ብዬዋለሁ። ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ ነው የምለው።

ያኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ገመዶቹን ገለበጥኩ! ጥቁሩን መስቀሉ ላይ፣ ቀዩን ብረቱ ላይ። የሄደው ይመለሳል ብዬ። ቡናማ ዱቄት ነገር ተለጠፈበት። በአውራ ጣቴ ስነካው ተጠረገ።

ሰኞ መምህርት ሰላምን ፍለጋ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ደብተር ታርማለች።

«ጋሼ ማሩ! ቅዳሜ አጣሁዎት። ተቀየሙኝ እንዴ? እኔኮ…»

ጨርቁን ፈትቼ መስቀሉን ፊቷ አስቀመጥኩት። ነገርኳት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ቀዩን የቱ ላይ ነው ያሰሩት?»

«መስቀሉ ላይ።»

አፏን በእጇ ያዘች። አሁን አልሳቀችም። ብትስቅ በወደድኩ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ለሚማሩ ልጆቻችሁም ይጠቅማልና እንዳለችው ልጻፈው። «ሰሌዳ ላይ በሳልኩት ሴል፣ በጋልቫኒክ ሴል፣ ነገሩ በራሱ ነው የሚሄደው። ዚንኩ ወድዶ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ የለቀቀበት ወገን ስለሆነ ማይነስ ይሆናል። ቻርጀር ሲመጣ ግን ፈቃዱ የቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ በቀዩ ገመድ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ በጥቁሩ ይሰጣል። መስቀሉን ከቀዩ ጋር ሲያስሩት ኤሌክትሮን የሚሰጡት መስሎዎት ነጠቁት። ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ መዳብ አዮን ሆኖ ወደ ውኃው ይገባል። ፕላስና ማይነስን አይያዙ፣ ጋሼ። ይህን ብቻ ይያዙ፦ ኦክሲዴሽን የሚካሄድበት ሁሉ አኖድ ነው። መስቀሉ አኖድ ሆኗል።»

«እንግዲያ ስሟ ባልዲው ውስጥ ነው? ውኃውን አልደፋሁትም።»

የምታርመውን ደብተር ዘጋችው። «መዳቡ አለ» አለች። «መዳቡን መመለስ ይቻል ይሆናል። ፊደሉን ግን አይመልሰውም። መዳብ የት እንደነበረ አያስታውስም፣ ጋሼ።»

ልሄድ ስነሳ «ቅዳሜ ያን ጊዜ ባልስቅ ኖሮ ይመጡ ነበር?» አለችኝ።

«አልመጣም ነበር» አልኳት። ውሸቴን ነው። አንድ ሰው እንኳ ይዳን ብዬ ነው።

ዛሬ ተዝካሩ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ጨርቁን ፈቱት። ዘመዱ ሁሉ ከብቧል። መስቀሉን አገላበጡት። እጃቸው ላይ መዘኑት።

«ምነው አያ ማሩ፣ እግሩ ከሳ?»

«ጸድቶ ነው» አልኩ። በእናቴ ተዝካር ቀን፣ መስቀል ፊት!

«ስሙስ ወጣ?»

«ወለተ ይላል።»

«ወለተ ማን?»

«እዚያ ድረስ ነው የሚለው።»

አክስቴ ጥሩ ቀደም አለች። «ወለተ ሥላሴ ናት! ሥላሴን አልነበር የምትዘክር?»

«ኧረ ወለተ ሐና ናት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ወለተ ሐና እኔ ነኝ!» አለች ሌላዋ። «እኔ ቁሜ እያለሁ ስሜን ለሙት አትስጪብኝ!»

ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «ዕጣ እናውጣ» አለ። የተባለው ስም ሁሉ በወረቀት ተጽፎ፣ የወጣው ይሁን። ብዙዎቹ ተስማሙ። ወረቀት እንኳ ተቀደደ። «አያ ማሩ ይጻፈው፣ እሱ የተማረ ነው» አሉና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

እስክሪብቶውን ይዤ እናቴን በዕጣ ልጽፋት ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ዝገቱ በላው ብሎ መሄድ ይቻል ነበር።

«አልጽፍም» አልኩ። «ስሟ ነበር። ዝገቱ አልበላውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በባትሪ ቻርጀር።»

እስክሪብቶውን መለስኩላቸው።

«የተማረ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ተምሯል እንጂ!» አለችው ያቺ ወለተ ሐና። «ሳይማርማ መች ይፍቀው ነበር።»

 ለዚህ መልስ ያላችሁ ንገሩኝ።

እማሆይ ሁሉን ሰምተዋል። ሎሚ አላነሱም፣ አመድ አላነሱም። በኋላ ማዕድ ሲቀርብ መጥተው ወጥ ጨመሩልኝ፤ «ብላ ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ዕጣውን ከለከሉ። ጸሎቱ ተጀመረ። ሙታኑ በተራ ተጠሩ፤ ገብረ እገሌ፣ ወለተ እገሊት፣ እያንዳንዱ ሙሉ ስም አለው። የእናቴ ተራ ሲደርስ «ወለተ» አሉ።

ትንፋሽ ወሰዱ።

አለፉ።

ያቺ ትንፋሽ የምታህለውን ቦታ ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ ሙሉ በሙሉ ገብታባታለች።

ሲያበቃ ቄሰ ገበዙ ትከሻዬን ይዘው «እግዚአብሔር ስሟን ያውቀዋል፤ አይክበድህ» አሉኝ። እሱ ማወቁንማ መች ተጠራጠርኩ? ስሟ እሱ ዘንድ አልጠፋም። የጠፋው እኔ ዘንድ ነው። እሷ እኔን ለማትረፍ መዳብ አስቀረጸች፤ እኔ እሷን ለመጥራት አንድ ቃል አጣሁ።

መስቀሉን መልሰው ዕቃ ቤት አስገቡት። እኔም ሚኒባስ ያዝኩ። ድንቹ አሁን ትከሻዬ ላይ ተኝቷል።

የዓመቱ ፈተና ቀርቧል። መምህርት ሰላም «አኖድና ካቶድ ሳይጠየቅ የቀረበት ዓመት የለም፤ አንድ ጥያቄ የግድ ይመጣል» ብላናለች። ከመጣ አልስተውም። ጎረምሶቹ ሊስቱት ይችላሉ፤ እኔ ግን እንቅልፍ ላይ ሆኜም እመልሰዋለሁ። አንድ ማርክ ነው የሚያዘው። አንድ!

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ያቺን አንድ ማርክ አግኝቼ ለማን ነው የማሳያት?